አጠገቤ ቆመው ያልጠየቅኋቸው ሰው

ነገሩ የሆነው አምና፣ ማሽላ ተወቅቶ በገባ ሰሞን ነው። ዛሬም በሬዲዮ "አማካይ" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለብቻዬ እስቃለሁ፣ ትንሽም አፍራለሁ።

ቆቦ ውስጥ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ሌላው ትምህርት እሺ ሲለኝ ስታትስቲክስ ግን አልገፋ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛ ብወድቅ መባረሬ ነው። ባለቤቴ ደግሞ እኔ ልማር ብላ የራሷን ትምህርት አቋርጣለች። "ተባረርኩ" ብዬ በየትኛው ፊቴ ቤት እገባለሁ?

መምህራችን የመጨረሻውን ሥራ ሰጠን፤ አንድ መንደር መርጣችሁ፣ ቢያንስ ሠላሳ ገበሬ ጠይቃችሁ፣ አማካይ ምርቱን አምጡ አለ። እኔ ብልጡ፣ ፀሐይ እየጠበሰኝ ከቤት ቤት የምዞረው ለምንድን ነው አልኩ። የመረጥኩት መንደር ሰው ሁሉ ጎብዬ ገበያ አይደል የሚወጣው? በገበያው ቀን እህል ተራ ሄጄ ጆንያ ዘርግቶ የተቀመጠውን የመንደሩን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሠላሳ አራት ሰው ሞላልኝ። አማካዩም ደህና ነበር፤ መንደሩ ጠግቧል ብዬ ጻፍኩ።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ጋሽ ይመር ይባላሉ። ትንሽ ከረጢት ማሽላ እግራቸው መሀል ይዘዋል። ወረቀቴን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋቸው።

"ያ መንደርማ የእኛ ነው" አሉ። "ሻጩን ጠየቅህ። ሸማቹንስ?"

"ሸማቹን ምን ያደርግልኛል፣ ጋሽ ይመር?"

"እኔ ገበሬ አይደለሁም? ይኸው ገዝቼ እየገባሁ ነው። ስትጽፍ አጠገብህ ቆሜ ነበር እኮ የምገዛው። ያልደረሰለት ሰው ምን ይዞ ጆንያ ይዘረጋል?"

በአላህ! ሁለት ዓመት ሙሉ መምህሩ ጉሮሮው እስኪደርቅ ያስተማረን፣ እኔም በቃሌ የሸመደድኩት፣ ግን አንዴም ያልገባኝ ነገር እኮ ነው። ናሙናህ አያዳላ የሚለው ማለቴ ነው። ላብ አጠመቀኝ። ሥራው በሦስተኛው ቀን ይቀርባል፤ በቃ ተባረርኩ አልኳቸው።

"አብሽር" አሉኝ። "ነገ ቦይ ጠረጋ ነው፣ አንድ ሰው አይቀርም። በጧት ና።"

በማግስቱ ሄድኩ። መንደሩ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ነው ማሽላውን የሚያጠጣው። ጋሽ ይመር ለካ የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃውን ለሁሉም በተራ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ሰዉን ሰብስበው በሦስት ከፈሉት፦ ማሳው የቦዩ ራስ ላይ ያለ፣ ወገቡ ላይ ያለ፣ ጅራቱ ላይ ያለ። "ራሱ ጋ ውሃ ይጠግባል፣ ጅራቱ ጋ ይጠማል፤ ደባልቀህ ብትጠይቅ አይገባህም" አሉኝ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ነገር አምጥቶ ለእሳቸው ሰጠ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ክር፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ የፍየል በጠጥ። ቁፋሮም ሆነ የውሃ ተራ ሲደለድሉ ዕጣ የሚያወጡት እንዲህ ነው።

"ዕጣውን የምታነሳው አንተ ነህ" አሉኝ። "የማን የማን እንደሆነ አታውቅም። ከማያውቅ ሰው የተሻለ የማያዳላ አለ?"

መጽሐፌ ውስጥ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ በቀመር የተጻፈውን እነዚህ ሰዎች በጠጠርና በበጠጥ ሲሠሩት ኖረዋል። ማን አስተማራቸው? ከየክፍሉ አሥር አሥር አነሳሁ። ከጅራቱ አሥረኛው የፍየል በጠጥ ሆነ።

"የእኔ ነው" አሉ ጋሽ ይመር። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ስንት አገኙ?" አልኳቸው፣ እስክሪብቶዬን ይዤ።

"አገዳ ብቻ። ፍሬ የለውም። ዜሮ ብለህ ጻፍ።"

ደነገጥኩ። የውሃ አባት ሆነው እንዴት ማሳዎ ጅራቱ ላይ ሆነ አልኳቸው።

"ራሱ ላይ ነበረኝ። ይህን ሥራ ስቀበል ጅራቱ ላይ ካለ ሰው ጋር ተለዋወጥኩ። ውሃ የሚያካፍል ሰው የራሱ ማሳ መጨረሻ ላይ ካልሆነ፣ ውሃው እዚያ አይደርስማ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ራሱ አነሰ እንጂ ጎርፉ ከመጣ እኔ ጋ ሳይደርስ አይቆምም።"

ዜሮውን ጻፍኩና ደመርኩ። አዲሱ አማካይ የገበያውን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ትምህርቱን አለፍኩ። መምህራችን ይህን የናሙና አወጣጥ ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። ባለቤቴም ዘንድሮ ትምህርቷን ቀጥላለች።

አሁን አማካይ ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የቦዩ ጅራት ድረስ የወረደ ሰው መኖሩን ነው። ዘንድሮ ጎርፉ ደህና መጥቷል አሉ። መከሩ ሲደርስ ወርጄ ጋሽ ይመርን ስንት እንዳገኙ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከሁሉም በፊት።