ካፖርት የለበሰችው አህያ

ያን ጠዋት አባቴ ከሱቃችን ደጃፍ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ከኋላው የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ጋሪ ነጂው ሸምሱ ከመንገዱ ማዶ የፈረሱን ልጓም ይዟል። ከእንሴኖ የመጣው አውቶቡስ ሞተሩን ሳያጠፋ ከዋርካው ሥር ይጠብቃል። እትዬ ዘውዴ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው የአህያዋን ገመድ ይዛ አባቴ ፊት ቆማለች። እኔ ከአህያዋ ጎን ነበርኩ። ክንዴን አንገቷ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። ዕድሜዬ አሥር ቢሆን ነው።

እትዬ ዘውዴ ቡታጅራ ውስጥ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ሃምሳ አለቃ ሲሆን ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። አገሯ ሩቅ ነው፤ ከእሱ ጋር መጥታ፣ እሱ ሲዘምት ብቻዋን ቀረች። ልጅ አልወለዱም። ግቢዋ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። እግሯን የተሰበረች ፍየል፣ አንድ ዓይና ድመት፣ ማን እንደጣላቸው የማይታወቅ ቡችሎች ነበሩ። በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ የእርጥብ ሣርና የእንስሳ ሽታ ዛሬም አልጠፋኝም።

በእኛ አካባቢ ያን ጊዜ አህያ አርጅታ መሸከም ሲያቅታት ወደ ከተማው ዳር ተነድታ ትጣል ነበር። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ማንም ክፋት ነው ብሎ አያስበውም ነበር፤ አባቴም ያደርገው ነበር። እትዬ ዘውዴ አህያዋን አመዴን ያገኘቻት እንደዚያ ተጥላ ነው። ጀርባዋ በጭነት ተልጦ፣ ቁራ ቁስሉ ላይ ቆሞ ይጠቀጥቃት ነበር። እየጎተተች አመጣቻትና በየጠዋቱ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ ታጥባት ጀመር። ጣሳውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቁራው ግን አልተው አለ። አንድ ቀን የባሏን አሮጌ የወታደር ካፖርት አወጣችና አመዴ ላይ ደርባ ከሆዷ ሥር በገመድ አሰረችው።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ወሬ ይኸው ሆነ። ሸምሱ ባለፈ ቁጥር ጋሪውን ያቆማል።

"እትዬ ዘውዴ፣ ሃምሳ አለቃዋ እንዴት አደረች?"

"ደህና አድራለች። ፈረሱን በባዶ ሆዱ አውጥቶታል ብላ አንተን ልታስር ነው።"

"ወላሂ በልቷል።"

"አንተ ትምላለህ፣ የጎኑ አጥንት ይመሰክርብሃል።"

ሸምሱ እየሳቀ ይሄዳል። በማግስቱ ግን ከጋሪው ኋላ አንድ እቅፍ ሣር ታስሮ አየሁ።

ባሏ አንድ ጊዜ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ካፖርቱን ለብሳ በር ላይ የቆመችውን አህያ ሲያይ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ፣ ተረከዙን አጋጨና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት። እትዬ ዘውዴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሱ ከተመለሰ በኋላ እናቴ፣ ለእነዚህ ሁሉ ለምን እንደምትደክም ጠየቀቻት። "እኔ እዚህ አንዷን ውሃ ካጠጣሁ፣ እዚያም ለእሱ ውሃ የሚያቀብለው አይጠፋም ብዬ ነው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከጓሯችን የእንሰት ቅጠል እየቆረጠች በእኔ እጅ ትልክላት ነበር።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ሸምሱ ጋሪውን ያቆምበት በነበረው ቦታ ባጃጆች ይሰለፋሉ፤ ዋርካው ተቆርጦ ሕንፃ ቆሞበታል። ከመስቃን ገጠር እህል ጭነው የሚመጡት አህዮች ግን ያው ናቸው። ጀርባዋ የተላጠ ባየሁ ቁጥር ባለቤቷን አስቁሜ ስለ ጨውና ለብ ያለ ውሃ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዳንዱ "እማማ፣ አህያ እኮ ናት" ብሎኝ ያልፋል። ልጆቼ አፍ ሳይፈቱ የት እንደሚያማቸው ከዓይናቸው አውቅ ነበር። ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። እትዬ ዘውዴን አመሰግናታለሁ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። በዚያው ሳምንት አንድ ወታደር መጥቶ፣ ባሏ ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንደተኛ ነግሯት ነበር። ልታስታምመው ልትሄድ ነው፤ መመለሷን አታውቅም። ድመቷን እናቴ ወሰደች፤ ፍየሏንና ቡችሎቹን ሸምሱ ለሚያሳድጓቸው ሰዎች አደለ። አመዴን የሚወስድ ጠፋ። ያለ ሰው ከቀረች ጨለማውን እንደማታልፍ ሁላችንም እናውቃለን።

"ጋሼ ወልዴ፣ እርስዎ ይያዙልኝ" አለች አባቴን።

"ዘውዴ እህቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። የማትሸከም አህያ ምን ትሠራልኛለች?"

"ሣር ብቻ ነው የምትበላው።"

"ሣሩንስ ማን ያጭድላታል?"

"እኔ" አልኩ።

ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ገብቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ያኔ እትዬ ዘውዴ ጎንበስ አለችና፣ አመዴ የታሰረችበትን ገመድ ሳትፈታ ጫፉን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

በእኛ ዘንድ ከብት ከቤት ሲወጣ፣ ተሸጦም ይሁን ተሰጥቶ፣ ባለቤቱ ገመዱን ፈትቶ ያስቀራል። ረድኤቱ ከገመዱ ጋር ነው ይባላል፤ ገመዱን የሰጠ ሰው የቤቱን በረከት አብሮ ሰጠ ማለት ነው። አባቴ በዚህ ቀልዶ አያውቅም። የሸጣቸው አህዮች ገመድ ሁሉ ጓዳችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

"ገመዱን ፍቺ እንጂ" አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ወጉን አታውቂም?"

"አውቃለሁ። ሌላ የምሰጠው የለኝም።"

አባቴ ገመዱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ተነሳና ጆንያ የሚጭንበትን የራሱን ገመድ ከሱቁ አምጥቶ አመዴ አንገት ላይ አሰረ። የእሷን ፈታ፣ አጣጥፎ መዳፏ ላይ አኖረው።

"ረድኤትሽን ይዘሽ ሂጂ" አላት። "ባልሽ በተኛበት ያስፈልገዋል። አህያዋ እዚህ ትኖራለች።"

እትዬ ዘውዴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አንገቷን ስታቀና ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"ካፖርቱስ?" አለ ሸምሱ ከመንገዱ ማዶ።

"ይቅር። ቁራው አልሄደም።"

እናቴ ሻንጣዋን ተቀብላ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት። እትዬ ዘውዴ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ገመዱን እጇ ላይ ጠቅልላው ነበር። አውቶቡሱ በጥያ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሄደ።