ምስሉን ወይስ ድምፁን

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መገናኛ አንድ ጥገና ቤት ስገባ የሽቦ ብየዳ ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ሚካኤል ቤታችን፣ አባቴ ከጎረቤት የተዋሰውን ቪዲዮ ማጫወቻ ከቴሌቪዥናችን ጋር ለማገናኘት ሽቦ እየበየደ ገመድ ይሠራ ነበር። ካሴቱ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ወንድሜ ተቀርጾበታል። ምስልና ድምፅ የየራሳቸው ገመድ ይፈልጋሉ። የተገኙት መሰኪያዎች ግን ለአንዱ ብቻ የሚበቁ ነበሩ፤ ማጫወቻው ደግሞ ሳይመሽ መመለስ አለበት።

«ምስሉን ልግጠም ወይስ ድምፁን?» አላት እናቴን።

«ድምፁን።»

«ቴሌቪዥን የሚሰማ ሰው ገና አንቺን አየሁ!»

«መልኩማ ፎቶው ላይ አለ። ድምፁን አሰማኝ።»

ከጨለመው ቴሌቪዥን ውስጥ ወንድሜ በጭብጨባ መሀል ተጣራ፦ «እማዬ፣ ነይ እንጂ እንጨፍር!»

እናቴ «መጣሁ» አለች።

ወንድሜ ከግንባር አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገረን የለም።