በኔ ስልክ ውስጥ የተገኘው የቤጂንግ ቤት

ዛሬ ጠዋት አንዲት ቻይናዊት እናት ታክሲዬ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከኔ ስልክ ላይ የልጅነት ቤታቸውን አገኙ።

ከቻይናታውን፣ ከቻይናውያኑ ሰፈር፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የጫንኳቸው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ታስተረጉማለች። አያቷ ቤጂንግ እንደተወለዱ ስትነግረኝ "ቤጂንግን እኔም አይቻታለሁ" አልኳት።

እዚህ አገር መጥቼ ታክሲ መንዳት ከመጀመሬ በፊት መርከበኛ ነበርኩ። ቲያንጂን ወደብ ጭነት ስናራግፍ ፈቃድ አገኘንና ስድስት ሆነን የድሮ ነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ልናይ ቤጂንግ ሄድን። (ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ከኛ ጋር ፎቶ ሲነሳ ዋለ!)

ደርሰን ፓርክ እንዳደረግሁ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ኮረብታው ላይ የተነሳነውን ፎቶ አሳየኋቸው። እኛን ልብ አላሉንም። ከኋላችን ያሉትን ግራጫ ጣሪያዎች አጉልተው፣ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ሄደው አንዱ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"አያቴ 'ቤታችን ነው' እያለች ነው" አለች ልጅቷ። "ከፈረሰ ቆየ። አንድም ፎቶ የለንም።"

ወዲያው ፎቶውን ወደ ልጅቷ ስልክ ላክሁላቸው። "ይውሰዱት እማማ፣ የእርስዎ ነው" አልኩ፣ ሳላስበው በአማርኛ። እሳቸውም እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው በቻይንኛ መለሱልኝ። ልጅቷ ግራ ገባት፤ እኛ ግን ተግባብተናል።

ግማሽ ፊቴ ተቆርጧል ብዬ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ ላጠፋው አስቤ ነበር!

እናንተስ፣ ሳታውቁት የሌላ ሰው ትዝታ ይዛችሁ የተገኛችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።