ተከራይ ያጣው ስድስተኛ ፎቅ

የቀጨኔዋ ጥልፍ ጠላፊ ሐመልማል ዕድሜ ልኳን ባጠራቀመችው ገንዘብ ሸጎሌ አዲስ ከተሠራ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቤት የገዛችው፣ በኪራዩ ልትጦርበት ነበር። ሻጮቹ «ቁልፉን በተረከቡ ማግስት ተከራይ ይሻማበታል» ብለዋታል። ስትረከብ ግን ሊፍቱ አልተገጠመም፤ ጎረቤቶቿም ሁሉ ለማከራየት የገዙ ስለነበሩ በየመስኮቱ «የሚከራይ ቤት» ተለጥፏል። ቤቷም ባዶውን ከረመ።

አንድ ቅዳሜ ያዕቆብ የሚባል ወጣት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሩታን ይዞ ቤቱን ሊያይ መጣ። አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሩታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የቀጨኔን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የኖረችው ሐመልማል ግን ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም።

«እትዬ፣» አለች ሩታ እያለከለከች፣ «እርስዎ የሚኖሩት የት ነው?»

«ቀጨኔ፣ እናቴ ባወረሰችኝ ቤት።»

«ደረጃ አለው?»

«ኧረ የለውም! ከታክሲም ብዙ አይርቅም።»

«ታዲያ እሱን ለምን አያከራዩንም?»

ሐመልማል በሳቅ ፈነዳች። የቀረውን ደረጃ ብቻዋን ወጥታ የባዶውን ቤት መስኮት ከፈተች። የእንጦጦ ደን ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የሚበቃ ብርሃን ክፍሉን ሞልቶታል።

«ይህን ሁሉ ብርሃን ለሰው ልሰጥ ነበር እንዴ!» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ባልና ሚስቱ ቀጨኔ ገቡ፤ እሷም ሸጎሌ። ኪራዩ ካሰበችው ቢያንስም በየወሩ ይመጣላታል። ለቤት ምረቃ የተጠሩት የድሮ ሰፈሯ ሴቶች እያለከለኩ በሯ ላይ ሲደርሱ፣ አንዷ «አንቺ ሴት፣ መንግሥተ ሰማያት ነው እንዴ የገባሽው!» ብትል እልልታው በደረጃው ሁሉ አስተጋባ።