የአክስቴ ፓውደር መያዣ

በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና አስተማሪ ሳለሁ፣ ከአክስቴ የወረስኩት የናስ ፓውደር መያዣ ነበረኝ። ክዳኑ ውስጥ መስታወት አለው፤ የራሱ ተጠቅጥቆ የደረቀ ፓውደር ግን ድሮ አልቆ ባዶውን ቀርቷል። ሱቅ የሚገኘው አዲሱ ፓውደር ደግሞ በካርቶን የሚሸጥ፣ እንደ ዱቄት የሚበን ነው። ምን ላድርግ፣ እሱኑ ሞላሁበት። በከፈትኩት ቁጥር ጥቁር ቀሚሴ ላይ ይራገፋል። አንድ ቀን ተማሪዎቼ ፊት ተደፋብኝና ቤት ስገባ በንዴት ወረወርኩት።

እናቴ አነሳችው። "ምን ያንጨረጭርሻል? ሁለተኛ እንዳይፈስ አድርጌ እሰጥሻለሁ" አለችኝ።

በማግስቱ ስመለስ መያዣው ተከፍቶ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ፓውደሩ ጥጥር ብሎ ደርቋል፤ ላዩ ልስልስ ያለ፣ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ። እናቴን አገላብጬ ሳምኳት።

ቅዳሜ ዶዮገና ለጓደኛዬ ሰርግ ልሄድ ስዘጋጅ በስፖንጁ ባሸው፣ ባሸው ምንም አይነሳም። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ጥፍሬ ተሰበረ። በቢላዋ ሞከርኩ፤ ቢላዋው ተንሸራቶ መስታወቱን ሰነጠቀው።

"እማዬ፣ ምን ጨመርሽበት?" ብዬ ጮህኩ።

"ቡላ ነዋ! ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎ ሠርቼ ለወስኩበት።"

ከእንሰት የምናወጣው ያ ነጭ ዱቄት ገንፎ ሆኖ ድስት ላይ ከደረቀ በድንጋይም አይላቀቅም፤ እሷ ደግሞ ይህን ከኔ በላይ ታውቃለች።

ፊቴን ውሃ ብቻ አስነክቼ ሰርጉ ሄድኩ። መያዣው ዛሬም እጄ ላይ ነው፣ እንደሞላ። እናቴ ቃሏን ጠብቃለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ቅንጣት አልፈሰሰችም።