ዱዳው ዘንግ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ያነሱት። ነቀምቴ ልጄ ሌንሳ ቤት ሰንበትበት ስል ጓዜን ፈታትተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኙ። «አኮ፣ ይሄ የአያታችን የዓሣ ዘንግ ነው አይደል? ለምንድነው ይዘሽው የምትዞሪው? ንገሪን እንጂ!» አሉኝ፤ አኮ የሚሉኝ አያቴ ለማለት ነው። አሮጌ ዕቃ ነው ብዬ አለፍኳቸው። ለእነሱ ያልነገርኩትን፣ የንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሳለሁ እንኳ የዋጥኩትን፣ ለእናንተ ልናገር። እስከ ዛሬ ሰው አልሰማውም።

ያኔ የምንኖረው ከደዴሳ ድልድይ ወዲህ፣ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ጊምቢ በሉት ነጆ፣ ከገበያ ገበያ እዞራለሁ፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ባለቤቴ፣ አባ ሌንሳ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። እርሻው ፋታ ከሰጠው ወንዝ ነው። እኔ ደክሞኝ ስመለስ በሩ ተቆልፎ ይጠብቀኛል። ጓዜን ደፍ ላይ አውርጄ እቀመጣለሁ። ቆይቶ ላቡን እየጠረገ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይመጣና «ዱፍቴ፣ ሃዳ ሌንሳ?» ይለኛል። መጣሽ፣ የሌንሳ እናት? ማለቱ ነው። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ስንት ቀን ከሰው ጋር ስከራከር ከርሜ፣ ቤቴ ስደርስ የሚቀበለኝ ቁልፍ! ወንዙን ጠላሁት። እንደ ጣውንት ነው የጠላሁት። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር ውሃውን ላለማየት ነጠላዬን በፊቴ ላይ እጥል ነበር።

ታዲያ የመንገድ ሥራ ሰዎች ትተውለት የሄዱትን ዘንግ፣ ግራፋይት የሚሉትን ቀላል ዘንግ፣ በሬ ረገጠና ሰበረበት። ለጨርቅ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ፣ «ሌላ ምረጪልኝ» አለኝ። አመራረጡንም አስተማረኝ። «ቅለቱን እዪ፤ ቅለቱ ብቻ ግን አይበቃም። እጀታውን አንቺ ያዢ፣ ሻጩ ጫፉን ጉሮሮው ላይ አስነክቶ ይናገር። ድምፁ መዳፍሽ ውስጥ ከመጣ፣ እሱ ነው። ዓሣው ቀመስ ሲያደርግ የሚነግረኝ እንደዚያ ያለው ነው። ጣቶቼ እንደ ድሮው አይደሉም።»

ባለሱቁ ሳቀብኝ። «እማማ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው ወይስ ስልክ ሊደውሉ?» አለ። ግን እንዳልኩት አደረገ። በአንደኛው ዘንግ «እንዴት ዋሉ እማማ» ሲል መዳፌ ውስጥ ንብ የገባች መሰለኝ። ሁለተኛውን ያዝኩ። መልኩ ያምራል፣ ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል። ሰውየው ቢለፈልፍ ቢለፈልፍ፣ ምንም። ዘነዘና!

ዱዳውን ገዛሁ። እያወቅኩ ገዛሁ። ብር አጥሮኝ ነው? አይደለም። ተሳስቼ ነው? አይደለም። ዓሣ ካጣ ቤት ይውላል፣ በሩን ይከፍትልኛል ብዬ ነው።

«መረጥሽልኝ?» አለኝ። «ልክ እንዳልከኝ» አልኩት። አልፈተነውም። የሚስቱን ምርጫ ማን ይፈትናል?

እየወረደ ባዶ እጁን ይመለስ ጀመር። አንድ ቀን መዳፉን ገልጦ እያየ፣ «ሃዳ ሌንሳ፣ እጄ ሞቷል መሰለኝ። መንጠቆው ላይ ያለውን ትል ይበሉታል፣ እኔ አይሰማኝም» አለኝ። ኀጢአቴ እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ነው፣ እኔ ነኝ፣ ማለት ስችል ምን አልኩ? «ዕድሜ ነዋ፤ ምን ይደረጋል» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። የሰውየውን እጅ በቁሙ ቀበርኩበት።

ከዚያ ወዲህ በሩ ክፍት ሆነ። የፈለግኩትን አገኘሁ አይደል? ዘንጉን ቆጥ ላይ ሰቀለው። ላሚቱን ማለብም «እጄ አይሰማም» ብሎ ተወ። ግድግዳ ተደግፎ መዳፉን ያያል። ስገባ ቀና ብሎ «ዱፍቴ» ማለቱንም ተወው። በተቆለፈው በር ደፍ ላይ ተቀምጬ እንኳ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። እንዲሁ እንዳለ አረፈ፤ እጁ ቀድሞት እንደሞተ አምኖ።

ናፍቄው ነው ልበል? የናፈቀ ሰው የሚወደውን ሰው ከገዛ እጁ ጋር አያጣላም። ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ነበር፤ እሱ የለም። ዘንጉን ይዤ የምዞረው ለዚህ ነው። እናንተም ቶሎ አትማሩኝ።

ያላወቅኩትን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ጊምቢ ለቅሶ ቤት፣ ከእሱ ጋር ያጠምድ የነበረ ኦቦ ገመቹ የሚባል ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠና እየሳቀ አጫወተኝ። «ያንቺ ሰው ጉድ ነበር እኮ! ድልድዩ ሥር ዓሣ የለም፣ ወደ ታች እንውረድ ብንለው፣ ወይ ፍንክች! ከዚያ የአውቶቡሱ መስኮት ይታያላ። ከገበያ የምትመለሽ ቀን አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃል። ፊቷን በነጠላ የሸፈነች ሴት ስታልፍ ‹መጣች› ይልና፣ ዓሣው እየነከሰ እንኳ ቢሆን ክሩን ጠቅልሎ በእግሩ ወደ ቤት ይከተልሽ ነበር።»