ዓይንዎ ጠርቶ ነበር

ጋሼ፣ ተቆጥቼብዎታለሁ። አጎቴም መምህሬም ስለ ነበሩ በሕይወት ሳሉ ይህን ለማለት አልደፈርሁም።

ባለ ሦስት እግሩን ትልቅ የእንጨት ካሜራ ሲያስለምዱኝ ሁለት ዓመት ፊልም ከለከሉኝ። እርስዎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ከካሜራው ኋላ ባለው ፈዛዛ መስተዋት ተዘቅዝቀው አይዎታለሁ። ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር።

«ምኔ ጠርቶ ይታይሃል?»

«አፍንጫዎ።»

«አፍንጫ ያያል እንዴ? ዓይኔን አጥራ! ተዘቅዝቄ አይተኸኝ ያልሳቅህ ዕለት ፊልም እሰጥሃለሁ።»

ባለፈው ጥቅምት አልሳቅሁም። ሽፋሽፍትዎ አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

«ዓይንዎ ጠርቷል፣ ጋሼ። ፊልም ላግባ?»

«ገና ነው። አንዱ ፊልም ለአንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ በእኔ አሮጌ ፊት አታባክነው። ለደንበኛ ይቀመጥ።»

በለቅሶዎ ዕለት እኅትዎ ይዘውት የሚያለቅሱበት ፎቶ ጠየቁኝ። የፎቶ ሣጥኑን ገለበጥሁት። የአምበር ከተማ ሙሽሮች አሉ፤ የደብረ ኤልያሱ ቀኛዝማች ከነካባቸው አሉ። እርስዎ የሉም።

«የፎቶ አንሺ ቤት ይህ ነው?» አሉና ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አለቀሱ። ምን ልበላቸው? ለደንበኛ ተቀመጠ ልበል?

አሁን ፊልሙ በእጄ ነው፤ የሚከለክለኝም የለም። መስተዋቱ ላይ የሚታየው ግን የተዘቀዘቀ ባዶ ወንበር ነው።

ዛሬም አልሳቅሁም፣ ጋሼ።